አርባ ደቂቃ ፊት ለፊት ከግድግዳ ጋር

ውድ አንባቢያን፣ በከተማችን እኔ ያልለካሁት ወገብ የለም። አንድ ጄኔራል ሰልፍ ላይ ሱሪው ቢተረተርበት፣ ጦሩን አስቁሞ ያስጠራው እኔን ነው። ታዲያ ይህን የሚያህል ልብስ ሰፊ አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ተዳፈረችው። የተዳፈረችኝም በልጄ በኩል ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቦታ ስለማትረጋ ፌንጣ እንላታለን። አንዱን ነገር ሳትጨርስ ዓይኗ ሌላው ጋ ይሄዳል፤ አንዱን ጫማ ታስርና ሌላውን ትረሳዋለች። መምህርቷ ይህን «ጥጋብ» አለችው። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዙራ ታስቀምጣት ነበር። እኔም የሰማሁት ልጄ ግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት ስንጥቅ እንዳለ ስታጫውተኝ ነው። ሄጄ ብጠይቅ፣ ልጅ ካልተቀጣ አይቀናም፣ እንዲህ ከቀጠለች አንደኛ ክፍል አላሳልፋትም አለችኝ።

ቂም ቋጠርኩ። እኔ ቂም ስቋጥር በገመድ ሳይሆን በሰንሰለት ነው።

ልጄን በአንድ ወር እንደ ሐውልት አርግቼ መምህርቷን ላዋርዳት ቆረጥኩ። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ እንድትለይ አዘዝኳት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ያለ እረፍት። በሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ገልብጣ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

«አልችልም አባዬ። እኔ ጥጋበኛ ነኝ።»

ክው አልኩ። ግድግዳውን ቤቴ ድረስ ያመጣሁላት እኔው ነበርኩ።

የባለቤቴ እህት እንዲህ ትኩረታቸው የሚበተን ሕፃናትን ታሠለጥናለች። ጉዴን ስትሰማ፣ «አንተ ራስህ ሁለት ሰዓት አፍህን ዘግተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ከዚያ መላውን ነገረችኝ። ሥራው አንድ፣ ትእዛዙ አጭር፣ ጊዜው አምስት ደቂቃ ይሁን፤ ሳይሰለቻት አስቁማትና ትዝለል፤ የጨረሰችውን ሥራ በስሙ ጠርተህ አመስግናት፤ በሳምንት አንድ ደቂቃ ብቻ ጨምር።

እንዳለችው አደረግን፤ ጨዋታም ፈጠርን። የስፌት መኪናው ሲጮህ ፌንጣ ቁልፍ ክር ላይ ትሰካለች፤ ሲቆም እጇን ታነሣለች። በሁለት ወር አሥራ ሦስት ደቂቃ ደረሰች። ለጎረቤት ሦስት ሰዓት ብያለሁ፤ እናንተን ግን አልዋሽም።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷ ለእህቷ ሠርግ ያዘዘችውን ቀሚስ ልትለካ መጣች። እኔን የሚያህል ሰፊ ከየት ታመጣለች? የቀሚስ ጫፍ የሚስተካከለው የለበሰችው ሳትነቃነቅ ስትቆም ነው። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን አርባ ላደርገው ወሰንኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስፒል ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። በአሥረኛው ደቂቃ እግር ቀያየረች። በአሥራ አምስተኛው አንገቷን አከከች። በሃያኛው ዘወር ልትል ስትል ትከሻዋን መለስኩት።

«አይቁነጥነጡ እንጂ መምህርት። ጥጋብ ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ገብቷታል። ማር ማር አለኝ።

ፌንጣ ግን ቁልፏን አስቀምጣ መጥታ እጄን ያዘች። «አባዬ፣ ቲቸር ደክሟታል እኮ። ትንሽ ዘላ ትመለስ።»

መምህርቷ ዞራ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ቁልፉን እንዴት ነው የምትሰኪው ብላ ጠየቀቻት። ልመካ አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ፤ ጨዋታውን ከነሕጉ አስረዳቻት።

ሰኞ ዕለት የልጄ ወንበር ከግድግዳው ዞሮ ከመምህርቷ ጠረጴዛ አጠገብ ሆነ። ዓመቱ ሲያልቅም ፌንጣ አንደኛ ክፍል ገባች።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ትኩረቱ የሚበተን ልጅ ጠግቦ አይደለም። ትኩረት በአጭር በአጭሩ፣ በጨዋታና በምስጋና ይለመዳል፤ በግድግዳ አይለመድም። እኔ እንኳ ይቅር አልኩ ብል ማን ያምነኛል? የዚያ ቀሚስ ጫፍ በግራ በኩል በጣት ስፋት አጥሯል፤ ያ የመምህርቷና የእኔ ጉዳይ ነው። ልጄን ግን ከመሃላችን አውጥቻታለሁ።