በመርከቧ ጽሑፍ ውስጥ የገባው ዓረፍተ ነገር

የሟች ድምፅ፣ መንፈስ ምናምን ሲወራ ተነስተው ከሚወጡት አንዷ ነኝ፣ እናቴም «ልብሽ ድንጋይ ነው» ትለኝ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ ስለደረሰብኝ ነው። ሰማንያ ስምንት ይሁን ሰማንያ ዘጠኝ፣ ብቻ ክረምት ነው፣ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ማመልከቻና ውል በታይፕ እጽፋለሁ፣ ከእንግሊዝኛም እተረጉማለሁ።

አንድ ጠዋት አቶ ሰይድ የሚባሉ፣ ስልሳ የሚጠጋቸው ሰው ቀጭን መጽሔት ይዘው መጡ። ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል የጨረሱ ሰው ናቸው።

«የአንድ መርከብ ታሪክ ነው፣ ግን ቤት መጥተሽ ነው የምትተረጉሚው» አሉኝ።

«እዚሁ ብሠራውስ?»

«ባለቤቴ ዓይኗ እያየ ካልሆነ አታምንም።»

ሚስቱ የማታምነውን ሰው እኔስ ለምን አምናለሁ ብዬ አመነታሁ፣ ሆኖም በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ታይፔን ተሸክሜ ገርጂ ቤታቸው ሄድኩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ገና ሳልቀመጥ ነገሩን ዘረገፉልኝ። ታናሽ ወንድማቸው አህመድ እዚያች መርከብ ላይ መኪናዎችን በሰንሰለት የሚያስር ሠራተኛ ነበር፣ ሥራውን ያስገኙለትም እዚያው ሞተር ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ሰይድ ናቸው፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ ተባለ።

«ወደብ ላይ ወርዶ ቀረ ይሉኛል» አሉ፣ ባላቸውን ሳያዩ። «አህመድ ሳይሰናበት የሚሄድ ልጅ አይደለም። እንግሊዝኛ አላነብም፣ ግን ምን ዓይነት ነገር ውስጥ እንደነበረ ልወቅ።»

አቶ ሰይድ በሩ ጋ ቆመዋል። እኔም ጀመርኩ፣ እየተረጎምኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። መርከቧ ካታማራን የሚሏት ዓይነት ናት፣ ሌላ መርከብ አንድ ሆድ ሲኖረው እሷ ጎን ለጎን የተጋጠሙ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ነው የምትመስለው፣ ከአሉሚኒየም ስለተሠራች ቀላል ናት፣ ከኋላ እየተሽከረከረ የሚገፋ ፕሮፔለር የላትም፣ ውሃውን ከሥሯ እየሳበች ወደ ኋላ እየተፋች ነው የምትፈተለከው፣ መኪናውን ከነባለቤቱ ጭና ሌላው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ባሕር በጥቂት ሰዓት ትሻገራለች። ታሪኳ ግን እንደ ፍጥነቷ አልነበረም፣ ማዕበል በበረታ ቁጥር ጉዞ እየተሰረዘ ባለቤቶቿ ተማረሩ፣ ሸጧት፣ ስሟ ተለወጠ፣ እንደገና ተሸጠች፣ እንደገና ተለወጠ።

«ሰው ስሙን የሚለውጠው ሲሸሽ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

መኪናዎቹ ስለሚቆሙበት ወለል የሚያወራው ገጽ ላይ ስደርስ እግሬ ሥር አንድ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማኝ።

«እዚህ ሰፈር ወፍጮ ቤት አለ እንዴ?»

«የለም» አሉኝ።

ዝናቡ አባርቷል፣ መኪናም አያልፍም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አየሁት፣ እመኑኝ፣ ብርጭቆው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውሃው ግን በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሏል። ቀና ስል አምፖሉ የተንጠለጠለበት ሽቦ ዘሟል፣ ቢወዛወዝ ነፋስ ነው እል ነበር፣ አይወዛወዝም፣ ወደ ጎን ዘሞ ቀጥ ብሏል። አቶ ሰይድ እግራቸውን ከፍተው የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፣ ሰው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ እንደዚያ አይቆምም። ከዚያ ከሲሚንቶው ሥር ብረት ተመታ፣ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ወይዘሮ ዘሀራ ተንበርክከው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። እኔ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣቶቼ መምታታቸውን አላቆሙም፣ ታይፑን እደበድበዋለሁ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ።

አቶ ሰይድ መጥተው ወረቀቱን ከታይፑ ስበው አነበቡት፣ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዕቃዬን አንስተው እስከ ውጭው በር ሸኙኝ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ ወረቀቱን እየሰጡኝ በሹክሹክታ።

አነበብኩት፣ አንዱ መስመር «የግራው በር ከውጭ ከተቆለፈ ከውስጥ አይከፈትም፣ ሰው መኖሩ ሳይጣራ ተቆልፏል» ይላል። የኔ ታይፕ «ር» ሁልጊዜ ከመስመሩ ከፍ ይላል፣ እዚህም ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ የጻፍኩት እኔው ነኝ። መጽሔቱን ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ እንዲህ የሚል ቃል የለበትም።

«ማነው የቆለፈው?» አልኳቸው።

«አውጪው» አሉኝ፣ «በአላህ ይሁንብሽ፣ ገጹን እንደገና ጻፊውና ያንን አውጪው።»

አወጣሁት። ተርጓሚ ነኝ፣ ዋናው ላይ የሌለውን አልጨምርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ በማግስቱም ንጹሑን ለአቶ ሰይድ ሰጠኋቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ወይዘሮ ዘሀራ ብቻቸውን ቢሮዬ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«የጎረቤት ልጅ ሲያነብልኝ ነበር። ስለ በር የሚል ነገር የለውም?»

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ባላቸውም እንደማይነግሯቸው እርግጠኛ ነኝ።

«የለም» አልኳቸው፣ «መጽሔቱ ላይ ያለው ሁሉ ተጽፏል።»

«እሺ፣ እሳቸው ቢሉኝ አላምንም ነበር፣ ያልሽኝ አንቺ ነሽና አምኛለሁ» ብለው ወጡ።

አሥር ቀን ያህል እንቅልፍ አጣሁ፣ በመጨረሻ እውነቱን ልነግራቸው ገርጂ ሄድኩ፣ ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤታቸውን ጠየቅኋት፣ ለቀዋል አለችኝ፣ ወሎ ሄደው ይሆናል።

«ሁለቱም?»

ሴትየዋ ደጁን አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች። «እኛ ሲወጣ ያየነው አንድ ሰው ነው» አለች።

የትኛቸው እንደሆኑ ስጠይቃት፣ ገብታ በሯን ዘጋችው።