ጋሽ ሂርጳ ያልረሱት

«ረስቼው ነው መሰለኝ» አሉ ጋሽ ሂርጳ፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።

መምህር በርናባስ ወደ ችግኞቹ ጎንበስ አሉ። በላስቲክ በተሸፈነው የችግኝ ቤት፣ ግሪን ሃውሱ ውስጥ፣ የቲማቲም ችግኞቹ ጠቁረው፣ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝተዋል። የእንጦጦ የኅዳር ውርጭ በአንድ ሌሊት ጨርሷቸዋል። ማዕዶት ከአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ተማሪዎች ኋላ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ ጋሽ ሂርጳ የጎኑን ላስቲክ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ያወርዱታል። የቀኑ ሙቀት ውስጥ እንዲያድር ፀሐይ ሳትሸሽ መውረድ አለበት። ትናንትም አውርደውት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ማዕዶትና ጓደኛዋ ሒሩት በክበቡ ቁልፍ ከፍተው ለቲክቶክ ሊቀረጹ ገቡ። ላስቲኩ በእንፋሎት ደፍርሶ ብርሃን ስለከለከላቸው ማዕዶት ወደ ላይ ጠቅልላ አሰረችው። ደጋግመው ተቀረጹ፤ ሲመሽባቸው ታክሲ ፍለጋ ሮጡ። ላስቲኩ እንደተጠቀለለ አደረ።

መምህሩ ማንንም አልጠየቁም። ለአትክልተኛ ጥፋት ማስረጃ የሚፈልግ ማን አለ? «ዕድሜ ነው፤ አይፈረድባቸውም» አሉ ለተማሪዎቹ፣ ሰውየው እዚያው ቆመው እየሰሙ።

ሒሩት ወደ ማዕዶት ጆሮ ተጠጋች። «አታካብጂ። ራሳቸው አመኑ እኮ።»

ማዕዶትን ያቃጠላት ይኸው ማመናቸው ነበር። ቢክዱ፣ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር። በማግስቱ ጋሽ ሂርጳ ላስቲኩን አውርደው እስከ ግቢው በር ከሄዱ በኋላ ተመለሱ፤ በእጃቸው ዳብሰው አረጋገጡ። እንደገና ሄዱ። እንደገና ተመለሱ። ተማሪዎች ከሜዳው እያዩ ሳቁ። ማዕዶትም፣ እንዳይነቃባት፣ አብራ ሳቀች።

በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት የግሪን ሃውሱን ቁልፍ ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ሲያዘግሙ አገኘቻቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። ቁልፉን ሊመልሱ እንደሆነ ነገሯት፤ ልጃቸው ዳርቱም ሐኪም ቤት ልትወስዳቸው ቀጠሮ ይዛለች።

«ያወረድኩት ይመስለኛል እኮ» አሉ። «እጄ ያስታውሰዋል። ጭንቅላቴን ግን ከእንግዲህ አላምነውም።»

«ጋሼ፣ አልረሱም።» አለች ማዕዶት። «አውርደውት ነበር። መልሼ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ለቪዲዮ።»

አልተቆጡም።

«ሦስት ቀን ሙሉ?» አሉ።

ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ ግሪን ሃውሱ ተመለሱ።

ማዕዶት ወደ መምህራን ክፍል የሚወስደውን ደረጃ ብቻዋን ወጣች። ሒሩት ከታች ጠራቻት፤ አልዞረችም። የመምህራኑ ክፍል ሞልቷል። መምህር በርናባስ ሻያቸውን ይዘው በሩ ላይ አዩዋት።

«ጉዳይ ካለሽ ቆይተሽ ነይ፤ አሁን ሰው አለ» አሏት።

«ሰው ባለበት ነው የምናገረው፣ ቲቸር» አለችና ገባች።