አይጠጣም

አንዱአምላክ እሑድ ጧት በተከራያት ክፍል ሞቶ ሲገኝ ስልኩ ደረቱ ላይ ነበር። የገደለው የቫርኒሽ ስፒሪት መሆኑን ሐኪሙ አረጋገጠ።

ሳጅን በለጠች ስልኩን ከፍታ ሟቹ የሚሠራበትን የእንጨት ወርክሾፕ የቴሌግራም ግሩፕ አነበበች። ዓርብ ቀትር ላይ ባልደረባው ደሞዜ የአረቄ ጠርሙስ ፎቶ ለጥፏል። «ደንበኛ የተወልን አረቄ! አንዱአምላክስ ይሞክራል?» ይላል። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት የተላጠበት ሙጫ ይታያል። ከሥሩ ሌላዋ ባልደረባቸው ስርጉት አንዲት ቃል ጽፋለች፤ «አይጠጣም»። ሟቹ፣ «ታያላችሁ!» ብሎ መለሰ። ደሞዜ የሳቅ ምልክት ላከ። ከሞቱ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ ለስርጉት ነው። በለጠች «ገዳይ» የሚለውን እስከ አሥራ አራት ድረስ ቆጥራ ተወችው።

ቫርኒሽ ቀቢዋ ስርጉት ናት፤ ስፒሪቱም የእሷ። ጣቢያ ስትቀርብ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ዓርብ የት ነበርሽ?»

«ጋፋት፣ እናቴ ዘንድ። ፎቶውን ሳይ ጠርሙሴን ዐወቅሁት። ተጣድፌ ጻፍኩ።»

«ምን ብለሽ?»

ስርጉት ቃሏን ጮክ ብላ ተናገረች። በለጠች ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ይሰማኛል እቴ!»

«እንግዲያው እስከ ነገ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

በማግስቱ ስርጉትን፣ ደሞዜንና የወርክሾፑን ባለቤት እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለቤቱ አቶ ወርቁ ስርጉትን በክፉ ዓይን ያዩዋታል።

«አቶ ወርቁ፣ ይህቺን ቃል ያንብቡልኝ።»

«ገሳይ ከተማ ሄጄ እንጨት ስገዛ አንብቤያታለሁ። አይጠጣም! ወንድ አይደለም ማለቷ ነው። ልጁ እንደሁ ምን አሉኝ እያለ ሲብሰለሰል የሚውል ነበር።»

ስልኩን ለደሞዜ አቀበለችው። «አንተስ?»

«አይጠጣም» አለ።

«እስቲ ድገማት።»

ደገማት። አሁን አቶ ወርቁም ቀና አሉ።

«ሰማችሁ?» አለች በለጠች። «አቶ ወርቁ የመጀመሪያዋን ጠ አላልተው አነበቧት፤ እሱ አይጠጣም ማለት ነው። ሟቹም ያነበበው እንዲያ ነው። ደሞዜ ግን አጠበቃት፤ ለመጠጥ አይሆንም ማለት ነው። ዛሬ ስፒሪት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ግን ቃልን የሚደግመው መጀመሪያ እንደገባው ነው። አንተ ደግሞ ጣቢያ በሰጠኸው ቃል አረቄ መስሎኝ ነበር ብለህ ፈርመሃል።»

«ሳጅን፣ ይቺ ማስረጃ ትሆናለች?» አለ ደሞዜ።

«ብቻዋን አትሆንም። ለዚህ ነው የመሣሪያ ሳጥንህን ያስፈተሽኩት።» ከጠርሙሱ የተላጠ፣ የተጨማደደ ወረቀት ዘረጋች። በስርጉት የእጅ ጽሑፍ «ስፒሪት» የሚል ሰፍሮበታል።

ደሞዜ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ሲተፋው ቪዲዮ ቀርጬ ልለጥፍ ነበር። ዋጠው። ቅዳሜ ዓይኔ ደበዘዘብኝ ብሎ ደወለልኝ… ተኛ፣ ይለቅሃል አልኩት።»

«ሐኪም ቤት ብትወስደው ይድን ነበር!» አለች በለጠች።

«ግሩፑ ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

አቶ ወርቁ በርጩማ ስበው ለስርጉት አቀረቡላት።

ስርጉት ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ አጠፋችው። እንደገና ጀመረች፤ አጠፋችው። በመጨረሻ የድምፅ ምልክቱን ተጭና ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ለመጠጥ አይሆንም ነው ያልኩህ፣ አንዱዬ።»