ፒንቦሉ ከሠራ

ፊውዙ ለሦስተኛ ጊዜ ተቃጠለ። በመስታወቱ ሥር የበሩት ትንንሽ አምፖሎች ባንዴ ድርግም አሉ። የብረቷ ኳስ የሚመልሳት ጠፍቶ በእንጨቱ ላይ ተንከባልላ ወረደችና ከታች ባለው ቀዳዳ ገባች።

«አሁንስ ኳሷ የት ጋ ነበረች?» አሉ አያትየው።

«ሦስተኛውን እንጉዳይ ስትነካ ነው» አለች የልጅ ልጃቸው ጉንዳን።

ትክክለኛ ስሟ ሌላ ነው። ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር ከራሷ የሚበልጥ ዕቃ እየጎተተች ቤቱን ስታምስ አያቷ ያወጡላት ቅጽል ስም ነው፤ አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ እናቷን በቁመት ልትደርስባት ትንሽ ቀርቷት እንኳ አልለቀቃትም። እንጉዳይ የሚሏቸው ደግሞ በፒንቦሉ፣ በኳስ መጫወቻው ማሽን፣ መሃል የተተከሉትን ሦስት ክብ ራሶች ነው። ኳሷ ስትነካቸው ከሥራቸው ያለው ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ያገኝና መልሰው ያስፈነጥሯታል። ሁለቱ ደህና ይሠራሉ። የሦስተኛውን ሽቦ ግን ባለፈው ሳምንት አያቷ ራሳቸው ቀይረው፣ ራሳቸው በይደውታል።

«ስንት ፊውዝ ቀረን?»

ጉንዳን የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው። «ይቺ የመጨረሻዋ ነበረች፣ አባባ። ሱቁም እስከ ሰኞ አይከፈትም።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉትና ወደ ቤት ገቡ። ሲገቡ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘውት ነበር፤ መንቀጥቀጡን ሰው እንዳያይባቸው ሲፈልጉ እንዲህ ያደርጋሉ።

እሑድ ነገ ነው። ነገ አክስቷ ትመጣለች።

ፒንቦሉ ዕድሜው ከእናቷ ይበልጣል። አያቷ አርባ ዓመት የስልክ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ማሽኑ የቆመው በመሥሪያ ቤታቸው ክበብ ውስጥ ነበር። ሲበላሽ እሳቸው ይጠግኑታል፣ ሲሠራ ደግሞ የሚያሸንፋቸው አልነበረም፤ ቢያንስ እሳቸው የሚሉት እንደዚያ ነው። ክበቡ ሲዘጋ ማንም አልፈለገውም። በጋሪ አስጭነው አመጡትና ጓሮ ባለው ዕቃ ቤት ሸራ አልብሰው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያስታወሰው ቢኖር አይጥ ብቻ ነው።

አምና አያቷ ታመው ሲነሡ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ «እጅዎን ሥራ አያስፈቱት» አላቸው። በማግሥቱ ሸራውን ገፈፉት። ከዚያ ወዲህ ጉንዳን ከትምህርት ቤት እንደመጣች ደብተሯን ወርውራ ወደ ዕቃ ቤቱ ትሮጣለች። የአራቱን እግሮች ዝገት ፈገፈገች፤ ነጥብ የሚቆጥሩትን ባለቁጥር መንኮራኩሮች አንድ በአንድ አጠበች፤ ኳሷን የሚመቱት ሁለት ክንፎች ጎማቸው ደርቆ ስለተሰነጠቀ ቀየረች። የማሽኑ ሆድ ሲከፈት ሽቦው እንደ ፀጉር ተጎንጉኖ ስታይ ደንግጣ ነበር። አያቷ ግን ሳቁ። «ይኼ'ኮ ያው የስልክ ማዕከል ነው» አሏት፤ «ልዩነቱ ማንም እየደወለ አይጨቀጭቀውም።»

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ነገሩ የተበላሸው። ብቻቸውን ሲሠሩ የመበየጃው ካውያ ከእጃቸው አምልጦ መዳፋቸውን አቃጠላቸው። አክስቷ ነርስ ናት። ቁስሉን አጥባ፣ አሽጋ ስታበቃ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት» አለች። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ብቻዎን ነዎት። እህቴ ሥራ ናት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት። ቤቱ ቢቃጠል ማን ይደርስልዎታል?»

አክስቷ የምትኖረው ፎቅ ላይ፣ አራተኛ ደርብ ነው። ዕቃ ቤት የለም። ጓሮ የለም።

አያቷ ያን ጊዜ፣ «ፒንቦሉ ከሠራ እዚሁ እኖራለሁ» አሉ። «በሦስተኛው እሑድ መጥታችሁ እዩት፤ ካልሠራ ዕቃዬን ጠቅልላችሁ ውሰዱኝ። ቃል ነው።»

ጉንዳን ባዶውን ሳጥን ይዛ ቆመች። ለችግሩ መላው ሰኞ ድረስ መጠበቅ ነበር፤ ሰኞ ግን ከእሑድ በኋላ ነው የሚመጣው። የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅላ አየችው። ከመስታወቱ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ተበጥሳ ጠቁራለች። ኪሷ ውስጥ ማስቲካ ነበር። ማስቲካውን አፏ ከተተችና ብልጭልጩን ወረቀት በጥፍሯ አለሰለሰችው።

ብልጭልጩ ወረቀት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ የሰፈሩ ልጆች የተቃጠለ ፊውዝ ሲጠቀልሉበት አይታለች። ልክ እንዳልሆነም ታውቃለች፤ አያቷ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ፊውዝ ለቤቱ ብሎ የሚሞት ዘበኛ ነው፤ እሱን ካታለልሽ ለእሳት በር ከፈትሽ ማለት ነው» ብለዋታል። ግን ለአንድ ቀን ነው። ለአንድ ከሰዓት። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት አዲስ ትገዛና ማንም ሳያውቅ ትቀይረዋለች። ወረቀቱን በፊውዙ ላይ ጠቀለለችውና ቦታው መለሰችው።

አምፖሎቹ በሩ።

አያቷ የፒንቦሉን ደወል ድምፅ ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «ምን አድርገሽው ነው?» አሉ።

«አንድ አሮጌ ፊውዝ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁ» አለች። ማስቲካው አፏ ውስጥ እንደ ድንጋይ ሆነባት። «ሽቦውንም ነካ ነካ ሳደርገው... ደህና ሆነ።»

አያቷ ጥቂት ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ቀረብ አሉና የማስፈንጠሪያውን ዘንግ ስበው ለቀቁት። ኳሷ ወጣች፣ ተንጣጣች፣ ሦስቱን እንጉዳዮች አዳረሰች። አያቷ በሁለቱም ጎን ያሉትን ቁልፎች እየተጫኑ አሥር ደቂቃ ያህል አልጣሏትም። ጉንዳን እጃቸውን አየች። አይንቀጠቀጥም ነበር። የዋሸችው ውሸት ያኔ ይበልጥ ከበዳት፤ እንዴት ብላ ፊውዙን ትነቅለዋለች?

በማግሥቱ ምሳ ላይ ምንም አልወረደላትም። አጠገቧ የተቀመጡት የአክስቷ መንታ ልጆች፣ ሁለት የዘጠኝ ዓመት ልጃገረዶች፣ ከሳህናቸው ይልቅ ጓሮውን ያያሉ። «መቼ ነው የምንጫወተው?» ትላለች አንደኛዋ። «መቼ ነው?» ትላለች ሌላይቱ፣ እህቷ ያልተሰማች ይመስል።

እናቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት። «አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

ከምሳ በኋላ ሁሉም ዕቃ ቤቱ ገቡ። አያቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ማብሪያውን ሲጫኑ አምፖሎቹ ቦግ አሉ፤ ከኋላ ባለው መስታወት ላይ የተሣለው ጠላቂ ዋናተኛና የከበበው ዓሣ ሁሉ ቀለም ዘሩ። መንታዎቹ ተራ አንጠብቅም ብለው አንዷ የቀኙን ክንፍ፣ ሌላዋ የግራውን ያዘች። ደወሉ ቀለጠ። እናቷ ሳቀች፤ እናቷ በዚህ ዓመት እንዲህ ስትስቅ ጉንዳን አላየችም።

ጉንዳን ብቻ ትቆጥር ነበር። ኳሷ ሦስተኛውን እንጉዳይ በነካች ቁጥር አንድ ትጨምራለች። አንድ። ሁለት። አሥራ አራት። ሃያ ስምንት ላይ ቆጠራው ጠፋባት። እንደ ዋዛ ተጠግታ መዳፏን በማሽኑ ጎን ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። ፀሐይ ነው አለች በልቧ፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። መስኮቱ ግን በወዲያኛው በኩል ነበር።

«እስቲ ዞር በሉልኝ» አለች አክስቷ በመጨረሻ። ቦርሳዋን ለጉንዳን እናት አቀበለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። መጀመሪያ ኳሷን ባንዴ ጣለቻት። በሁለተኛው ጨዋታው ገባት። በሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ከኳሷ ጋር ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። «ልጅ ሳለሁ ክበቡ ድረስ ምሳዎን ሳመጣልዎ ለመንካት እለምንዎት ነበር፣ አባዬ። አንድም ቀን ፈቅደውልኝ አያውቁም።»

«ቁመትሽ አይደርስም ነበራ።»

«ቁመቴስ ይደርስ ነበር። ማሸነፌን ፈርተው ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ያኔ ነው ሽታው የመጣው። ቀጭን ነው፤ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ዓይነት።

አክስቷ አፍንጫዋን ነፋ አደረገች። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ወይ ጉዴ፣ ምድጃው ላይ የረሳሁት ነገር ይሆናል» ብላ እናቷ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

ጉንዳን ትንፋሿን ለቀቀች። ምድጃው ነው። ሁሉም ምድጃው ነው ብለው አምነዋል። አንድ ጨዋታ ብቻ ቢቀር ነው፤ ከዚያ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሰዉ ወደ ቤት ይገባል፣ ሰኞ ይመጣል። አያቷ በርጩማቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው ሴት ልጃቸውን ያያሉ።

«እንግዲህ ፍረጂ» አሏት። «ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

አክስቷ ዓይኗን ከኳሷ ሳትነቅል ፈገግ አለች። «ምን እላለሁ፣ አባዬ። ሠርቷል። ተረታሁ።»

ጉንዳን ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው።

ደወሉ ቆመ። መንታዎቹ «እንዴ» አሉ እኩል። ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ጉንዳን ሶኬቱን አልለቀቀችውም።

«ሽታው የምድጃው አይደለም» አለች። «ከዚህ ነው። ፊውዙ ትናንት ተቃጥሎ ነበር። ሌላ አላገኘሁም፤ ዋሽቼ ነው። በማስቲካ ወረቀት ነው የጠቀለልኩት።»

አያቷ ተነሡና መስታወቱን ስበው አወጡ፤ እንጨቱን ከነእንጉዳዮቹ ቀና አድርገው በመደገፊያው በትር ደገፉት። ጭስ ብጤ ወጣ። ወደ ሦስተኛው እንጉዳይ የሚሄደው ቀይ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ ጥቁር ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው እንጨትም የሳንቲም ያህል ከስሏል። አያቷ በጣታቸው የብየዳውን ቦታ ዳበሱ። ከሽቦው ሳይያያዝ የቀረ አንድ ፀጉር መሳይ ክር ወደ ጎረቤቱ ሽቦ ተጠግቶ ቆሟል። እንጉዳዩ በዘለለ ቁጥር ክሩ ይነካል፣ በነካ ቁጥር ሁለቱ ሽቦዎች ተገናኝተው ሾርት ያደርጋሉ።

«ይኼ የእኔ እጅ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጉንዳን ሳይዞሩ ቀጠሉ። «ሦስት ፊውዝ ያቃጠለ ማሽን አራተኛውን አይምርም። አርባ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ትናንት ልጠይቅሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሱን ፈርቼ ዋጥኩት።»

አክስቷ ከስሎ የቀረውን እንጨት አየች፣ መንታ ልጆቿን አየች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለጉንዳን ይቀላት ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ካውያውን አንሥታ የራሱን ገመድ ጠቀለለችበት። ቦርሳዋን የጉንዳን እናት ይዛው ስለሄደች ካውያውን በብብቷ ሥር አደረገችውና ልጆቿን እየነዳች ወጣች።

ጉንዳን የአጥሩ በር ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ።»

«አሁን አታናግሪኝ።»

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

አክስቷ ቆመች። ካውያውን የያዘችበት ክንድ ጠበቅ ብሏል። «እዚያ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ፊውዙን ለምን ነካሽው?»

«አባባ እንዳይሄዱ ብዬ ነው።» ጉንዳን እንባዋን በመዳፏ ጀርባ ጠረገች። «ካውያውን ያዢው። ቅዳሜ ግን ይዘሽው ነይ። አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ እኔ እበይዳለሁ። እሳቸው ያሳዩኛል እንጂ አይነኩትም።»

አክስቷ ካውያውን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረችው። አንዷ መንታ እጇን ትጎትታለች። «ዕቃ ስለመጠቅለል ዛሬ አላወራም» አለች አክስቷ። «ስለ ቅዳሜም ቃል አልሰጥም። አስብበታለሁ።» ሄደች።

ጉንዳን ስትመለስ አያቷ የእጅ ባትሪ አብርተው ወደ ማሽኑ ሆድ አጎንብሰው አገኘቻቸው። ብርሃኑ ከእጃቸው ጋር ይርገበገባል። አጠገባቸው ቆመች።

«አሥራ አንድ ቦታ በይጃለሁ» አሉ አያቷ። «አንዱን አየን። ጥቃቅኑን ዓይኔ አይለየውም። አሥሩን አንቺ እዪልኝ።» ባትሪውን ሰጧት። «አዝነሽልኝ ስሕተቴን እንዳታልፊ።»

ጉንዳን ብርሃኑን ወደ ውስጥ አስጠጋችው። ከአሥሩ ብዙዎቹን ከዚህ በፊት አይታቸዋለች፤ እሳቸው ላባቸውን እየጠረጉ ቀና ሲሉ የብየዳው እርሳስ አለቦታው ሲፈስስ፣ ሽቦው ሳይያዝ ሲቀር እያየች ዝም ብላለች። የመጀመሪያዋ ብየዳ ደህና ናት። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋ ላይ ቆማ ቆየች፤ አያቷ ከጎኗ ሲተነፍሱ ይሰማታል።

«ይቺ ልክ አይደለችም» አለች።

አያቷ ከሸሚዛቸው ኪስ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው አቀበሏት። ከሽቦዋ አጠገብ እንጨቱ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት አሠፈረችና ባትሪውን ወደ አራተኛዋ አዞረችው።