«ጀልባው ላይ ስንት ሰው አለ?»

ጎረቤቴ ሜርል ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ ኔሪዳ ዛሬም ነፋስ በበረታ ቁጥር ወደብ ወርዳ ትቆማለች አለችኝ። እኔ ደግሞ ወሬ ይዤ ማደር አልችልበትም።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ኔሪዳ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ቀን ቀን ፖም ማሸጊያው ቤት ትሠራለች፤ አመሻሽ ላይ ወደቡ አጠገብ ካለችው ክፍል ገብታ የባህር ሬዲዮውን ትይዛለች። በመንደራችንና በብሩኒ ደሴት መካከል ባለው የባህር መተላለፊያ ያሉ ጀልባዎች ተራ በተራ ይጠሯታል፤ የት እንዳሉ፣ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደያዙ ይነግሯታል። እኛም በየማድቤታችን ሬዲዮ ከፍተን እንሰማለን። ማን ከማን ጋር እንደወጣ ከዚያ የተሻለ ከየት ይገኛል?

ኢዋን የመጣው ሸራው ተቀዶበት ነው። በትንሽ ባለሸራ ጀልባ ብቻውን የሚዞር አናጢ ነበር። ሸራውን የሰፋችለት ኔሪዳ ናት። ሲያመሰግናት ዓይኗን ማየት አቅቶት እጇ ላይ ያለውን መርፌ እያየ ነው አሉ ያመሰገናት።

እሁድ ይዟት ወጣ። ወደ ብሩኒ ደሴት ሲሻገሩ ነፋሱ ከተራራው ተወርውሮ መጣባቸው፤ ጀልባዋ በጎኗ ተኛች፣ ውሃው እግራቸው ሥር ገባ። የኔሪዳን አባት የበላው ይሄው ውሃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስከዚያች እሁድ ድረስ ጀልባ ረግጣ አታውቅም ነበር።

«ፈራሽ እንዴ?» አላት ሸራውን ዝቅ እያደረገ።

«አዎ።»

«እንግዲያው መሪውን ያዢ። እኔም ስፈራ እሱን ነው የምይዘው።»

ያዘችው። እጁን እጇ ላይ ደረበ። ደሴቲቱ ጥግ እስኪጠለሉ ድረስ አላነሳውም።

እናቷ ይሄን ስትሰማ አንድ ሰው ለባህር ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም፣ እሱን ካገባሽ እናት የለሽም አለቻት። ኔሪዳ ክረምቱን ሙሉ ለሱም ለእናቷም ቁርጡን ሳትናገር ከረመች።

አንድ ምሽት ኢዋን ደቡብ ላይ መልህቅ ጥሎ ጠራት። ያለበትን ነገራት፤ ነፋሱን ነገራት። ከዚያ ደግሞ፣

«ኔሪዳ፣ ነገ ጠዋት በዚያ በኩል ወደ ሰሜን አልፋለሁ። ከኔ ጋር የምትሄጂ ከሆነ አሁን ንገሪኝ፣ ወደቡ ገብቼ እወስድሻለሁ። ካልሆነ ሳልገባ አልፋለሁ፤ ከእንግዲህ አላስጨንቅሽም» አላት።

በየማድቤቱ ማንኪያ ቆመ። እናቷ እንደምትሰማ ታውቃለች፤ እኛም እንደምንሰማ ታውቃለች።  አፏ ላይ የመጣላት በየቀኑ የምትለው ብቻ ሆነ።

«ሰምቻለሁ። ጀልባው ላይ ስንት ሰው አለ?»



«አንድ» አለ ኢዋን። «አንድ ሰው ብቻ።»

እምቢ ማለቷ እንደመሰለው ገባትና ወዲያው ደግማ ጠራችው። ደጋግማ ጠራችው። እሱ ለካ ባትሪ ለመቆጠብ እንደልማዱ ሬዲዮውን ዘግቶታል።

ሊነጋጋ ሲል ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደብ ወረደች። እናቷ በር ላይ ቆማ አየቻት እንጂ አልከለከለቻትም። ነፋሱ ያን ቀን ከኋላው ሆኖ ይገፋው ነበር፤ ሸራው ከዳር ብቅ አለና፣ በሩቁ፣ ደሴቲቱን ታክኮ አለፈ። ሻሿን ፈትታ አውለበለበች። በዚያ ነፋስ እሱን አሳድዶ የሚደርስበት ጀልባ አልነበረም። ኢዋን ኒውዚላንድ ገባ፤ እዚያው አግብቶ ወለደ አሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሹራብ ልንሠራ ተሰብስበን ይሄንኑ አነሳን። ሜርል በእናትየው ፈረደች፣ እኔ በሱ ኩራት ፈረድኩ። ቀጥላ ሜርል፣ ልጅቷስ ብትሆን፣ አዎ ማለት ምን ይከብዳል፣ አንዲት ቃል እኮ ናት አለች።

የኔሪዳ የልብ ጓደኛ ግሌኒስም አብራን ትሠራ ነበር። ዓይኗን ከሹራቧ ሳታነሳ፣

«እናንተ ያን ማታ ሬዲዮአችሁን ብትዘጉላት ኖሮ ትለው ነበር» አለች።