ራጅ የተነሳው አፈር

«ቀጣይ! ይሄ ፌስታል የማን ነው?»

ካሳነሽ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የተቀመጠችው ፀደይ ግን በክርኗ ጎሸም አድርጋ አጋለጠቻት። «የሷ ነው፣ ቲቸር!»

ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ተመራማሪ ዕፀገነት ፈገግ አለች። «ስምሽ ማን ነው?»

«ካሳነሽ።»

«የማን ካሳ ነሽ ታዲያ?»

«እኔንጃ፣ እማዬ ናት ያወጣችው።» ክፍሉ ሳቀ። ካሳነሽም አብራ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከፌስታሉ አልተነቀለም። ፌስታሉ ውስጥ ያለው ውሸት ነዋ!

ዕፀገነት ጋይንት ውስጥ ወዳለችው አርብ ገበያ ከተማ የመጣችው ከከተማዋ በታች ካለው ረግረግ ደለል የጥንቱን ዝናብና ድርቅ ለማንበብ ነው። ተማሪዎቹም ከየተመደቡበት የረግረጉ ጥግ አፈር እንዲያመጡላት ታዘዋል። ለካሳነሽ የደረሳት ጥግ ደግሞ፣ የሆነ ነገር ሰውን በስሙ እየጠራ ያስቀራል የሚባልበት ነው። መውረዱንስ ወርዳ ነበር። ግን ከደንገሉ መሀል አንድ ነገር የተነፈሰ መሰላትና እግሬ አውጭኝ አለች። ቤቷ ስትደርስ ከጓሯቸው ጥግ፣ እሬት ከበቀለበት፣ ዝናብ ከሸረሸረው በኩል ዝቃ ፌስታሉን ሞላች። አፈር አፈር ነው፣ ማን ይለየዋል?

ያቺን የጓሮ ጥግ እናቷ ቦጋለች ማረሻ አታስነካትም። ገብሱ ዙሪያዋን ይዘራል፤ ጥጓ ግን ዳዋ እንደለበሰች ትከርማለች። አንዳንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቷ እዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ካሳነሽ ለምን ብላ ጠይቃ አታውቅም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ ጓዴ በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። «ምን ልታደርጉት ነው አፈሩን?»

«ራጅ እናነሳዋለን፣» አለች ዕፀገነት፣ ሽጉጥ የመሰለውን መሣሪያ እያሳየቻቸው።

አያ ጓዴ አማተቡ። «ራጅ የሚያየው አጥንት አይደለም እንዴ? አፈር ምን አጥንት አለው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ይሄኛው አጥንት አይፈልግም፣ አያ፣» አለች ዕፀገነት። «ጨረሩ ሲያርፍበት አፈሩ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሁሉ የየራሱን ጨረር መልሶ ይሰጣል። ብረቱ የብረት፣ ካልሲየሙ የካልሲየም። በዚያ ማን እንዳለበት እናውቃለን።»

የፀደይም የልመንህም አፈር ቀድሞ ታይቷል፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው መስመር አንድ ዓይነት ነበር። የካሳነሽ ተራ ሲደርስ ዕፀገነት ከአፈሩ ቆንጥራ በትንሽ ኩባያ አደረገችና መሣሪያውን ደገነችበት። ጢጥ አለ። ፈገግታዋ ጠፋ። ደግማ ደገነች። ጢጥ።

«ይሄ ከረግረጉ ነው የመጣው? እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣» አለች ካሳነሽ። የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው ሆነባት።

«ካልሲየምና ፎስፈረሱ ሌሎቹ ላይ ካየነው በጣም ይበልጣል። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ…» ዕፀገነት መስኮቱን ሰረቅ አድርጋ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጥንት ሟሙቶ አፈር ሲሆን ነው።»

ማንም አልሳቀም። አያ ጓዴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የሞተ ከብት ይሆናል፣» አለ ልመንህ።

«ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም አዲስ አበባ ወስደን ፈጭተን እናየዋለን።»

ፈጭተን! ካሳነሽ ክው አለች። እሬት የት እንደሚበቅል የማያውቅ ጋይንቴ የለም፤ መቃብር ላይ ነው። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እንደማይቀበር ሴቶቹ ሲያወሩ ሰምታለች። የእናቷ ጀርባ ድቅን አለባት። ከዚያ የገዛ ስሟ፣ አንድ ሰው ከኋላዋ የጠራት ያህል፣ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ካሳነሽ።

የማን ካሳ?

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ፀደይ ዓመቱን ሙሉ ትስቅባታለች። አፈሩ ግን ተፈጭቶ ይቀራል።

«ቲቸር፣ ዋሽቻለሁ፣» አለች ተነስታ። «ረግረጉን ፈርቼ ከቤታችን ጓሮ ነው ያመጣሁት። እባክዎ ይመልሱልኝ።»

ዕፀገነት ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። የልጅቷን ፊት ስታይ ግን ተወችው። ኩባያው ውስጥ ያለውን ቁንጥር አፈር ሳይቀር በብሩሽ ጠርጋ ወደ ፌስታሉ መለሰችና አስራ ሰጠቻት። ፀደይም አልሳቀችም።

ካሳነሽ ፌስታሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ቤቷ ሄደች። እሬቱ ሥር ተንበርክካ አፈሩን ቀስ ብላ መለሰች። ቀና ስትል እናቷ ከበላይዋ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አልሰማችም።

«እማዬ፣» አለች፤ «የማን ካሳ ነኝ?»

ቦጋለች ባለችበት ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ካንቺ በፊት፣ ወንድ ልጅ ነበር፣» አለች። «ለክርስትናው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ስም እንኳ አልወጣለትም።»

ካሳነሽ አፈሩን በመዳፏ ደለደለችና እናቷ ጎን ተቀመጠች። ረግረጉ ከታች ጭጋግ ለብሷል። ነገ የታዘዘችውን አፈር ልታመጣ ትወርዳለች፤ ያ ነገር በስሟ ቢጠራትም ትወርዳለች።