የፍልሰታ ኪሎ

«እናቱ እርስዎ ነዎት አይደል? ልጅዎን ምን እያበሉት ነው?»

መወልወያዬን እንደያዝኩ ዞር አልኩ። የዩኒቨርሲቲው የእግር ኳስ ቡድን ብረት የሚያነሳበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ፣ ልጆቹን ብረት የምታሠራው ልደት ደብተሯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። እንዳሻው በካልሲው ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ጣራ ጣራውን ያያል።

«በስድስት ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሷል» አለችኝ። «በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘውለት ሲመጡ አያለሁ። ውስጡ ምንድን ነው? አየር?»

እናቱስ አይደለሁም። ፍሬሕይወት እባላለሁ፣ ሮማ ዳር፣ ሮማኒና ሰፈር ውስጥ በር ለበር የምንኖር ጎረቤቱ ነኝ። የወለደችው እናቱ ደሴ ናት። እሱ በልጅነቱ ብቻውን መጥቶ፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ያለው የስደተኞች ማቆያ ሳይዘጋ በፊት እዚያ የቆየ ልጅ ነው። እኔ አዳራሹን አጸዳለሁ። ጠዋት በአንድ አውቶቡስ ስለምንመጣና «ልጄ» እያልኩ ስለምጠራው ልጅቷ የመሰላት መሰላት።

በሁለት ቃል ላስረዳት እችል ነበር። ግን አፌን ሳልከፍት እንዳሻው ከሚዛኑ ላይ በዓይኑ ለመነኝ።

«ምስር ነው» አልኩ። «ጎመንም አለበት።»

«ምስር። ለተከላካይ።» ደብተሯ ላይ ጻፈች። «ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ብዬ በወረቀት ሰጥቼው ነበር። ወረቀቱን ይሆናል የበላው።»

«ወረቀቱማ ከምግብሽ ይሻል ነበር» አለ እንዳሻው ከሚዛኑ እየወረደ።

እንዲህ ነበር ንግግራቸው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን ደህና ቃል ሲለዋወጡ አልሰማሁም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጨዋታ በማይኖርበት በበጋቸው ወራት ተጫዋቾቹ ጡንቻ ይገነባሉ። ሚስተር፣ ጣሊያኖች አሰልጣኝን እንደዚያ ነው የሚጠሩት፣ እንዳሻውን ጠርቶ ነግሮታል፦ ቁመት አለህ፣ ግን የሰው አጥቂ ሁሉ ይጥልሃል። ነሐሴ ሲያልቅ ሰባ ስምንት ኪሎ ካልመዘንክ፣ መቶ ኪሎ ተሸክመህም ቁጭ ብድግ ካላልክ፣ ስምህ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሲጀምር ሰባ አምስት ነበር።

ልደት ደግሞ እዚሁ ሮማ የተወለደች የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ናት። እነዚህን ልጆች ብረት ማሠራቷ ቲሮቺኒዮዋ፣ የተግባር ልምምዷ ነው፤ ያንን ሳትጨርስ አትመረቅም። የሚከሳ ተጫዋች የሚቆጠረው በእሷ ላይ ነው።

ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አምና ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሲሆን እንዳሻው ለእመቤታችን ተስሏል፦ ወደ ቡድኔ መልሺኝ፣ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እጾማለሁ። መለሰችው። ፍልሰታ ግን የሚውለው ልክ ብረት በሚነሳበት ሁለት ሳምንት ላይ ሆነ።

«ስትሳል ካላንደር አላየህም?» ብዬው ነበር።

«ያመመው ሰው ካላንደር ያያል እንዴ፣ እትዬ ፍሬ?»

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ሚስተር ከሰማ ያባርረኛል፣ እሷ ከሰማች ትስቅብኛለች አለ። ቤተሰቧ ጴንጤ ነው፣ ስለ ጾሙ የምታውቀው የለም። ሚስተርን መፍራቱ ልክ ነበር። የእሷን ሳቅ ለምን እንደዚያ እንደፈራ ግን ያን ጊዜም ገብቶኛል።

በስምንተኛው ቀን ዘጠና ኪሎ ተጫነበት። እሷ ከኋላው፣ ብትወድቅ ልያዝህ በሚል አኳኋን፣ ተጠግታ ቆመች።

«ውረድ» አለችው።

«ወርጃለሁ።»

«ይኼ መውረድ አይደለም። አሮጊት አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ስትፈልግ ነው።»

እኔ መስተዋቱን እየወለወልኩ ሳቄን ዋጥኩ። ሦስተኛው ላይ መነሳት አቃተው፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ልደት ሁለት ክንዷን በብብቱ አስገብታ ደረቱን ጨመቀችውና ወደ ኋላ ጎተተችው። ብረቱ መደገፊያው ላይ ወድቆ አዳራሹን አናጋው። ሁለቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀሩ፣ እሷ ከኋላ፣ እሱ ደረቷ ላይ።

ክንዶቿን አላነሳችም። አንገቱ ላይ የምትተነፍሰው ትንፋሽ ጸጉሩን ሲያርገበግበው አየሁ። እሱም ዓይኑን ጨፍኗል፣ ግን ራሱን እንዳልሳተ በደንብ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ እንደ ነቃች ሰው ገፋችው። ሁልጊዜ እንደ ሕፃን አቅፋ የምትዞረውን የውሃ ጠርሙሷን አፉ ላይ ደቀነች።

«ጠጣ።»

ፊቱን አዞረ።

«ጠጣ አልኩህ።»

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላማ» አልኩ እኔ። ከአፌ አመለጠኝ።

ልደት ተራ በተራ አየችን። አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝና ሁሉም ነገር ወጣ፣ ስለቱም፣ እናቱ አለመሆኔም።

«ስለዚህ» አለችው ድምፅዋ እየወረደ፣ «ሳትበላ፣ ሳትጠጣ፣ ዘጠና ኪሎ ትከሻህ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። እጄ ላይ ብትሞትስ?»

«የምትጨነቂው ለቲሮቺኒዮሽ ነው።»

«አዎ» አለች። «ለቲሮቺኒዮዬ ነው።» ዓይኗ ውስጥ እንባው ሞልቶ ቆሞ ነበር። ጠርሙሷን አንስታ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ልደት ናት፣ በሱሪ፣ ደብተሯን ይዛ። ሴቶቹ ሁሉ ያዩዋታል። ነጠላዬን አውልቄ ጣል አደረግኩባትና ወደ ቄሱ ወሰድኳት።

«አባ፣ ጾሙን ማቆም ይችላል?» አለቻቸው።

«አይችልም፣ ስለት ነው።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላስ፣ ውሃ?»

«እንደ ልቡ።»

«አሎራ፣ ታዲያ ምን ላድርገው? ሥልጠናው አራት ሰዓት ላይ ነው።»

አባ ጺማቸውን ዳበሱ። «ልጄ፣ እኔ ስለ ብረት አላውቅም። ብረቱ ከጠዋት በቀር አይነሳም ያለ ማን ነው?»

ይህንኑ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከማግስቱ ጀምሮ እንዳሻው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኔን ምሳ ዕቃ ያራግፋል፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ምስር፣ በግራም የተመዘነ። አሥር ተኩል ላይ ብቻውን ብረት ያነሳል። ቁልፉ እኔ ጋ ስለሆነ እኔም እዚያው ነኝ። በነሐሴ ሮማ ባዶዋን ትቀራለች፣ በሙቀቱ ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም፣ እኛ ሦስታችን ግን አለን።

ሰላም የወረደ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሚስተር እንዳሻውን ኮሪደር ላይ አግኝቶ፣ «ለምን ብቻህን እንደምትሠራ ልደት ጽፋ ነግራኛለች» አለው። በቃ። ስለቴን አደባባይ አወጣችው ብሎ ልጁ አኮረፈ። እሷም አንድ ቃል አላስረዳችም፣ የባሰ ኮራች።

«እትዬ ፍሬ፣ ጀርባውን ያቅና በሉት።»

«እትዬ ፍሬ፣ ጀርባዬን የሰውን ምስጢር ለሚያወራ ሰው አላቀናም በሏት።»

አንድ ሜትር አይራራቁም። እኔ መሐል ቆሜ እንደ አስተርጓሚ ወዲያና ወዲህ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። የውሃ ጠርሙሷ ከእጇ ጠፍቷል። ቀኑን ሙሉ እሱ አጠገብ ስትዞር ጉሮሮዋን አታረጥብም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋ ውስጥ ታገኘዋለች።

«አንቺም ጾምሽ እንዴ?» አልኳት።

«አይጠማኝም» አለችኝ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ።

ይህንን ሄጄ ለእንዳሻው ብነግረው ሁሉም ያልቅ ነበር። አልነገርኩትም። ምን ላድርግ፣ በዚያ ሙቀት ሌላ መዝናኛ አልነበረኝም። እሱ ግን ሳልነግረውም አይቷል። ምሳውን ከመክፈቱ በፊት እጇ ቦርሳዋ ውስጥ እስኪገባ ሲጠብቅ ያዝኩት። አየኝና ቶሎ ምስሩን ማነካካት ጀመረ።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ጠዋት ልደት የሕንፃችን በር ላይ አሥራ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ቆማ ነበር።

«እትዬ ፍሬ፣ ዶሮ እርባታ ከፈተች ወይ በሏት» አለ እንዳሻው። አሥራ ሁለቱንም ግን በላ፣ ቅርፊቱን እየላጠች የምትሰጠው እሷ ነበረች።

የነሐሴ የመጨረሻው ሰኞ ሚስተር መጣ። ቡድኑ ሁሉ ተሰልፏል። እንዳሻው ሚዛኑ ላይ ወጣ፦ ሰባ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። የልደት እጅ ደብተሩ ላይ ደረቀ። ሚስተር ምላሱን አጮኸ።

«ብረቱንም ይሞክር» አለች። በሰው ፊት ለእሱ ስትከራከር የሰማኋት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መቶ ኪሎ ጫኑበት። እሷ ከኋላ ቆመች። ወረደ፣ እስከ ታች። ተነሳ። «አምስት ጨምሩ» አለ። ጨመሩለት። ወረደ። እሷ እጇን ዘርግታ አየር አቅፋ ትጠብቃለች። ተነሳ።

ሚስተር የልደትን ሪፖርት ገለበጠ። «ጠዋት ሲሠራ ሁለት ኪሎ ተኩል ያጣውን እንዴት መለስሽው?»

«ጽፌዋለሁ» አለች ልደት አንገቷን ደፍታ።

ሚስተር ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ተጫዋቹ ፕሮግራሙን በትክክል ፈጽሟል። የቀነሰው በሰዓት ምርጫ ስህተት ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።» ቀና ብሎ አያት። «ለዚህ ነጥብ ይቀነስብሻል፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን። መቶ አምስት የሚሸከመውን አጥቂ አይጥለውም» አለ ሚስተር፣ የእንዳሻውን ስም ዝርዝሩ ላይ ጻፈና ወጣ። ስለ ጾም፣ ስለ ስለት አንዲት ፊደል እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረችም።

ልጆቹ ተከትለው ወጡ። እኔ ወለሉን መወልወል ጀመርኩ። ወለሉ ንጹሕ ነበር፣ ግን ማን ይሄዳል?

እንዳሻው ፎጣውን በእጁ እየጠመዘዘ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«በማን በኩል? እትዬ ፍሬ ደክሟቸው ነበር።»

ፈገግ ሊል ፈለገና አቃተው። አንድ እርምጃ ተጠጋ። ጠርሙሷን ከቦርሳዋ ጎን አንስቶ ክዳኑን ከፈተና አቀበላት። ተቀበለችው። ስትጠጣ ዓይኑን አልነቀለባትም፣ እሷም ዓይኗን ከጠርሙሱ በላይ አላነሳችም።

«ሌላ ስለት ተስያለሁ» አለ።

«የምን?»

«ያንቺ። እሺ ካልሽኝ እጾማለሁ ብያለሁ።»

ልደት ጠርሙሱን ከደነች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ደብተሯን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ ቀና ሳትል፦

«ቀኑን አስቀድመህ ንገረኝ» አለችው፣ «ፕሮግራሙን ላስተካክል።»